ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር፦ የዕቃ ማሰሪያ ሰሞን ማስታወሻ

ሰኔ 12፣ ቅዱስ ሚካኤል

የጽዋ ተራዬ ለጥቅምት ነበር። ባለቤቴ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን፣ የልጆቹ ትምህርት እንደተዘጋ ቤቱን እንድንለቅ ስለተቆረጠ፣ የሰኔ ባለተራዋን ለምኜ ተለዋወጥን። ስበላው የኖርኩትን ማኅበር ሳላበላ ከደብረ ማርቆስ ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም በመሆኑ ድግሱ ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ድፎ ዳቦና ጠላ ነው። ካህኑ ባረኩ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጽዋው ለሐምሌ ባለተራ ተሰጠ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጋኑን አጥቤ ገለበጥኩት። ከዚህ ቤት እንደማይሄድ የወሰንኩበት የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው። ትልቅ የጠላ ጋን በአይሱዙ ላይ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ተንገጫግጮ ደኅና አይደርስም፤ ቢደርስም የምንገባበት ቤት ማድቤት አይችለውም። ለማኅበሩ ሰጠሁት። ከእንግዲህ ጽዋ የምታወጣ ሁሉ ትጥመቅበት።

ሰኔ 13

ገበያ ወጥቼ ባዶ ማዳበሪያ፣ ሲባጎ፣ ሰፊ ፕላስተርና ሸራ ገዛሁ። ካርቶን ከየሱቁ ለምኜ አገኘሁ። የዘይት ካርቶን ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ለመጻሕፍትና ለብረታ ብረት፣ የፓስታና የብስኩቱ ሰፋፊ ካርቶን ለልብስና ለትራስ። ትልቅ ካርቶን በመጽሐፍ ከተሞላ ጫኙ ብድግ ሲያደርገው ታቹ ይከዳል።

ትልቁ ልጄ ጸሐፊ ሆኗል። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ በደብተሩ ላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን ይዘረዝራል፦ «ቁጥር 4፦ የትንሿ ሹራብ፣ የእማዬ ነጠላ፣ የሞተ የእጅ ባትሪ»። የሞተውን ባትሪ ለምን እንደያዝነው ጠየቀኝ። አውጥተን ጣልነው። መጻፉ ለዚህም ጠቀመ፤ ሰው በእጁ ሲጽፈው የማይረባውን ዕቃ ያውቀዋል።

ሰኔ 14

ዛሬ ማድቤቱን በሙሉ አውጥቼ ግቢው ላይ ዘረጋሁት። ሥራው መለየት ነው፦ የእኛ፣ የሰው፣ የሚቀር። የሰው ዕቃ ክምር ከሁሉም በለጠ።

በእንዲህ ያለ ግቢ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንግዳ ድንገት ሲመጣ ስኒ ከጎረቤት ይመጣል፤ ስኒው ሲመለስ ባዶውን አይሄድም፣ ጥቂት ቆሎ ይዞ ይሄዳል፤ ቆሎው የሄደበት ሰሐን ደግሞ እዚያው ይሰነብታል። ዓመታት ሲቆጠሩ የማን ምን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ወንፊቱ የላይኛው ቤት ነው። ሰፌዱ የማዶዋ ጎረቤታችን ነው፤ ጠርዙ ላይ ባለው ቀይ ስፌት ለየሁት። የዘነዘናውን ባለቤት ለማወቅ ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ፤ ሙቀጫው ዳቦ ከምትጋግረው ሴት ቤት ተገኘና ተገናኙ።

ከሁሉ የቆየሁት አንቀልባው ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ስትወለድ የቤቱ ባለቤት እማማ ያመጡልኝ ነበር፤ ልጅቱ አሁን ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ቆዳው በቅቤ ብዛት ጠቁሮ ለስልሷል። ጠርዙ ላይ ከተሰፉት ዛጎሎች ከፊሎቹ ረግፈው የክሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ማሰሪያው አንድ ጊዜ ተበጥሶ በሌላ ቆዳ ተቀጥሏል፤ ስፌቱ የእኔ እጅ አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ቅቤ አስነክቼ፣ ጥላ ላይ አድርቄ ወሰድኩላቸው።

«ልጄ፣ ይኼ መቼ የእኔ ሆነና?» አሉኝ። «እኔም የተዋስሁት ነው። ያዋሰችኝ ሴት ደጀን ገብታ ቀረች። እሷም ከአማቷ ነው ያገኘችው።»

«ታዲያ ለማን ልመልሰው እማማ?»

«ከጓሮ ያለችው ሙሽራ ወሯ ገብቷል አይደል? ለእሷ ውሰጅላት። የእማማ ነው ብለሽ ግን እንዳትሰጫት። የግቢው ነው በያት።»

ወስጄ ሰጠኋት። እንደተነገረኝም አልኳት።

ከእኛ ወጥቶ ሰው ቤት የቀረም አለ፦ ምሳሩ፣ መሰላሉ፣ በእንጨት የሚጋገርበት ሰፊው ምጣድ። ባለቤቴ በስልክ «ምሳሩን አምጪው እንጂ፣ ጥሩ ብረት ነው» አለኝ። እኔ ግን እንዲቀር ነው የምፈልገው። እኛ የወሰድነውን ሁሉ እየመለስን የሰጠነውን ሁሉ ብንሰበስብ፣ እዚህ የኖርንበት ዘመን ምንም እንዳልነበር ይሆናል። ሲፈልጡበት ያስታውሱናል፤ ምሳር ባሕር ዳርም አይጠፋም።

ሰኔ 18

የወረቀት ቀን። ከቀበሌ መሸኛ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ ማጠቃለያ። የፋይዳ ቁጥራችን የትም ብንሄድ ያው ስለሆነ እሱ አላሳሰበኝም፤ አድራሻውን ማስቀየር ብቻ ነው። አንዱ ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ከሰዓት ተቀጠርን። የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተር ሁሉም በአንዲት ቦርሳ ገብተዋል። ያቺ ቦርሳ መኪና ላይ አትጫንም፣ ከትከሻዬ አትወርድም።

የቀረው መሰናበት ከወረቀቱ ይከብዳል። አማቴ ከሰበካ ጉባኤው መሸኛ ካልያዝኩ አልንቀሳቀስም ስላሉ አብረን ሄድን። በመቃብርም ሆነ በክርስትና ጉዳይ ስም የሚጠየቀው እዚያ ነው። የንስሐ አባታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እዚያ አባት ያዙ፤ እስክትይዙ ግን እኔ አለሁ፤ በስልክም ቢሆን» አሏቸው። አማቴ መስቀሉን ተሳልመው ሲወጡ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

እድሩ ላይ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተወያየን። ወርኃዊ መዋጮው ትንሽ ነው፤ ከርቀትም መክፈል እንደሚቻል ጸሐፊው ነገሩኝ። ባለቤቴ አዲስ እድር ከገባን የድሮው ምን ያደርግልናል ይላል። እኔ ደግሞ ይህ እድር አባቱ ያረፉ ጊዜ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶ ቤት ያልተለየ ነው እላለሁ። ስማችን ይቀጥላል። ባሕር ዳርም መግቢያውን ከፍለን እንገባለን። በዚህ ጉዳይ ቁጠባ አይታየኝም።

ሰኔ 20

እህል። ጤፉ በማዳበሪያ እንዳለ ይሄዳል። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበት ካላገኘው ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ማዳበሪያውን በሌላ ማዳበሪያ ደርቤ አፉን በመስፌ ሰፋሁት። በቆሎው ግን ነቀዝ ጀምሮታል። ይዘነው ብንሄድ በሞቃቱ አገር ነቀዙ ይብስበታል፤ ደኅናውን ከፍዬ ለእማማ ሰጠሁ፣ የተበላው ለዶሮ ሆነ። በርበሬና ሽሮ እያንዳንዳቸው በሁለት ላስቲክ ታስረው በባልዲ ከነክዳናቸው ገቡ። የበርበሬ ላስቲክ ከአልጋ ልብስ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ እንዳይገባ ለልጄ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ቢፈነዳ ያን አልጋ ልብስ ታጥቦም የሚተኛበት የለም።

ሰኔ 25

የሸክላና የስፌት ቀን፤ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ።

ጀበናውን ውስጡን አድርቄ በነጠላ ጠቀለልኩት፤ የሚሰበረው ከአንገቱ ነውና እዚያ ላይ ጨርቅ ደረብኩለት። ብርሌዎቹን እያንዳንዳቸውን በካልሲ ከትቼ ጤፍ ገለባ በሞላሁት ካርቶን አቆምኳቸው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሸክላ በሁለት ትራስ መካከል አስተኝቼ አሰርኩት፤ ከፍራሹ በላይ ይቀመጣል፤ ከእሱ በላይ ምንም አይጫንም።

መሶቡ የእናቴ ነው። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ ቀይና ወይን ጠጁ ቀለም በጭስ የደበዘዘ። በላስቲክ ልጠቀልለው ብል እናቴ በስልክ ጮኸችብኝ፦ «ላስቲክ አታድርጊበት! ያልበዋል፣ ይሻግታል!» እውነቷን ነው። የቀረ እንጀራ ሽታ እንዳይኖር ፀሐይ ላይ አውለን በጋቢ ሸፈንነው። ከታች ያለው እግሩ ላይ አንድ ቦታ ስፌቱ ላልቷል። ገልብጬ ሳየው ከውስጥ የመጀመሪያዋ ትንሽ ክብ ትታያለች፣ እናቴ የጀመረችባት። ከሷ እየዞረ እየዞረ ይህን ያህል ሆነ። የላላውን ራሷ እንድትጠግነው ከአስፋልቱ ዳር ትጠብቀኛለች፤ ደምበጫ ነው ያለችው። መሶቡ ጋቢና ገብቶ ጭናችን ላይ ይሄዳል።

ሰኔ 28

አማቴና ቡሉኮዎቹ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። እዚህ በሐምሌ ሌሊት ቡሉኮ ተደርቦም ብርድ አለ። እዚያ ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበው ወባ ነው። ባለቤቴ አስቀድሞ አጎበር ገዝቶ ከየአልጋው በላይ አንጠልጥሏል። ቡሉኮዎቹ ግን ግማሽ የአልጋ ቦታ ይይዛሉና አንዱን ብቻ ይዘን ሌላውን ለዘመድ እንስጥ አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ አማቴ። «ሰው ሲታመም የሚለብሰው በአየሩ አይደለም።»

ሁለቱም ይሄዳሉ። ደግሞም ሳስበው አልተሳሳቱም፤ ወባ የያዘው ሰው በሞቃት አገርም ይንቀጠቀጣል።

የባለቤቴ አባት የብራና ዳዊት አለ። እሳቸው በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ቅኔ ተምረዋል፤ ዳዊቱም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ብራና እርጥበት ሲያገኘው ይጨማደዳል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። በማኅደሩ እንዳለ በንጹሕ ሻሽ ተጠቅልሎ በእንጨት ሣጥን ገባ፤ ከጥግ ጥጉም ጨርቅ ተጎዘጎዘለት። ልጄ «ቁጥር ልስጠው?» አለኝ። አማቴ ሣጥኑን ከእጁ ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡ። ቁጥር አልተሰጠውም።

ሐምሌ 1

መኪና። ከባሕር ዳር ሸቀጥ ይዞ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ማግኘት ዋጋውን በብዙ ያቀልለዋል። የማዶዋ ጎረቤታችን ወንድም ሾፌር ስለሆነ እሱ አፈላለገልን፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከሾፌሮቹ ጠይቆ የሚነግረን እሱ ነው። ጫኝና አውራጆቹን ባለቤቴ መጥቶ አስቀድሞ ተደራደራቸው። ዋጋው ዕቃው ከመነካቱ በፊት መቆረጥ አለበት፤ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ድርድር ድርድር አይደለም።

ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

ጎረቤቶቻችን ከጾሙ ፍቺ በፊት እንድንሄድ አልፈቀዱም ነበር፤ ዛሬ ምክንያቱን አየሁ። ከየቤቱ ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ ድፎ ዳቦ መጣ። ድስታችን ሁሉ ታስሮ ስለነበር የሚቀርብበት ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት። የማኅበሬ ሴቶች አንድ ነጠላ አለበሱኝ። ሙሽራዋ ከጓሮ መጥታ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ቀኗ ደርሷል።

እማማ ሲመርቁን «የገባችሁበት ቤት ይስፋላችሁ፣ የወጣችሁበትም አይጥበብ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ባለቤቴ ተነሥቶ መናገር ሲጀምር ድምፁ አልወጣ አለውና ተቀመጠ።

ማታ ግድግዳው ላይ የነበሩትን የምስማር ቀዳዳዎች በጭቃ ደፍነን፣ ቤቱን ጠርገን፣ በር ላይ የተጻፈውን የልጆቹን ቁመት መለኪያ ግን ሳንነካ ተውነው። እማማ እንዳይጠፋ ብለዋል።

ሐምሌ 6

ጭነቱ ማለዳ ተጀመረ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም። ጤፉና መጻሕፍቱ ከፊት ከጋቢናው ጀርባ፣ ቁም ሣጥኑና ፍሪጁ ቆመው ከጎን፣ ፍራሾቹ በመካከላቸው። ፍሪጁን ሊያስተኙት ሲሉ ባለቤቴ ከለከላቸው፤ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል። ሸራው ከፊት ወደ ኋላ ተደርቦ ታሰረ፤ ነፋስና ዝናብ ከፊት ነውና የሚመጣው።

እኔ ጋቢና ውስጥ መሶቡንና የእርሾውን ማሰሮ ይዣለሁ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አፉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይገባም፤ አየሩ መውጫ ካጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ላላ አድርጌ በጨርቅ ሸፈንኩትና በሁለት እጄ ያዝኩት። ይህ እርሾ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማቴ የሰጡኝ ነው፤ እየተቀነሰና እየተጨመረ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከግቢው ግማሹ ቤት የሚጋግረው ከእሱ በተወሰደ እርሾ ነው። በአዲስ ቤት አዲስ እርሾ ማቋቋም ይቻላል፤ እኔ ግን አልፈልግም።

አማኑኤል ከተማን አልፈን ደምበጫ ላይ እናቴ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችን። መሶቡን ገልብጣ የላላውን እዚያው መኪናው ጥላ ሥር ጠገነችው። ሾፌሩ አልተቆጣም፤ ከመሪው ወርዶ ሲያያት ቆየ። ፍኖተ ሰላም ምሳ በላን። ከቡሬ በኋላ ጭጋግ ያዘን፣ ኮሶበር ላይ ዝናቡ ወረደብን። ሸራው ያዘ።

ከኮሶበር እስከ አዲስ ቅዳም መንገዱ ዳር በከሰል ማዳበሪያ የተሞላ ነው። የአዊ ገበሬ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ይተክላል፤ ችግኙ ትንሽ ሳለ በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ለቡናችን አንድ ማዳበሪያ ገዛን። ዳንግላንና ዱርቤቴን አልፈን መራዊ ስንደርስ ሰማዩ ተከፈተ። እዚያ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ሽንኩርትና ድንቻችን ከእንግዲህ ከዚህ ይመጣል። ልጆቹ ሐይቁን የት እንደምናይ እየጠየቁ ከዚያ በኋላ አልተኙም።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ማለዳ ሥላሴን ተሳልመን ተመለስን። ካህን ጠርተን ቤቱ ጠበል ተረጨ። ፍሪጁን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ነው የሰካነው፤ ዘይቱ ተመልሶ እንዲወርድ። በደንብ ይሠራል። ከብርሌዎቹ አንድም አልተሰበረም። የምጣዱ ሸክላ ግን ዳሩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አውጥቷል። ለጊዜው ይጋግራል፤ አዲስ እስክንገዛና በጎመን ዘር እስክናሟሸው ድረስ እንጠቀምበታለን።

ምስማር ለመምታት መዶሻው የገባበት ካርቶን ስላልተከፈተ ባለቤቴ ከጎን ካለው ቤት ተዋሰ። ልጄ ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቶ «መዶሻ፣ የጎረቤት፣ ማታ ይመለስ» ብሎ ጻፈ። ሲመለስ ባዶውን እንዳይሄድ እናቴ ካሰነቀችን ቆሎ እሰጠዋለሁ።

ሊጡን ዛሬ አቦካሁ። ደብረ ማርቆስ በሦስተኛው ቀን የምጋግረውን እዚህ በሁለተኛው መጋገር አለብኝ፤ ሙቀቱ ቶሎ ያኮመጥጠዋል። አብሲቱን ነገ ጠዋት አይቼ እወስናለሁ። ያልተከፈቱት የመጻሕፍቱና የክረምት ልብሶቹ ካርቶኖች ናቸው፤ የልብስ ሽቦ እስኪዘረጋ ይቆያሉ። ሐሙስ ቀበሌ፣ ዓርብ የልጆቹ ምዝገባ። አማቴ የሠፈሩን እድር ዳኛ ቤት ከወዲሁ ጠይቀው አግኝተዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሄዳለን።